ሻጋታው ጫማ አለው

[አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት። ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ ሲሞቅ የሚሸት ላሚኔሽን ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ፈገግ ማለት የተከለከሉ የመታወቂያ ፎቶዎች። የቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድም ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ባይጠይቁትም ይናገራል። ታናሽ ወንድሙ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ውሎ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ከእናታቸው ቁም ሣጥን የወጣ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ከውስጡ አንዲት ቁራጭ የድሮ የፎቶ ፊልም ወጥታ ታላቅ በሁለት ጣቱ ይዟታል።]

ታላቅ፦ ጣትህን አንሳ!

ታናሽ፦ አልነካሁም እኮ ጋሼ።

ታላቅ፦ አልነካሁም ይላል፣ አውራ ጣቱ አባዬ ግንባር ላይ ታትሞ! ይሄ ፊልም ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ አይደለም።

ታናሽ፦ ታጥቤ ነው የመጣሁት።

ታላቅ፦ በምን? በግራሶ?

ታናሽ፦ በቃ ይኸው፣ ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከተትኩ። ግን ሹራቡ አረንጓዴ ነው።

ታላቅ፦ ቀይ ነው!

ታናሽ፦ ገና ስክሪኑ ላይ ሳይወጣ?

ታላቅ፦ ሳይወጣም ቀይ ነው። ዕድሜ ልኬን ቀይ ነበር፤ ዛሬ አንተ ስለመጣህ አረንጓዴ አይሆንም። እማዬ ምን ነበር ያለችው? እስቲ ድገመው።

ታናሽ፦ «ቀይ ክር ለትልቁ፣ አረንጓዴ ክር ለትንሹ። ሹራቡ ሲጠባችሁ እየተረተርኩ በዚያው ቀለም አሳድገው ነበር እንጂ አቀያይሬ አላውቅም» ነው ያለችው።

ታላቅ፦ ጎበዝ። እንግዲህ ፊልሙ ላይ አባዬ ሕፃን ታቅፏል። ሕፃኑ ቀይ ሹራብ ከለበሰ?

ታናሽ፦ አንተ ነህ።

ታላቅ፦ አረንጓዴ ከለበሰ?

ታናሽ፦ እኔ ነኝ።

ታላቅ፦ አረንጓዴ አይለብስም። አባዬ ሲሞት አንተ ጥርስ እንኳ አላበቀልክም፤ አንተን የሚታቀፍበት ጊዜ ከየት አምጥቶ? ደግሞ አንተ ከጎረቤት ደጃፍ ነው የተገኘኸው። ስንቴ ልንገርህ?

ታናሽ፦ ልጅ ሆኜ አምኜህ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ ቤት ሄጄ «እማዬ፣ መጣሁ» ብያቸው እራት በልቼ ተኝቻለሁ።

ታላቅ፦ [ይስቃል] ምን አሉህ?

ታናሽ፦ ምንም። ትራስ ሰጡኝ። ጥሩ ሴት ነበሩ።

ታላቅ፦ አየህ? ደም ይስባል!

ታናሽ፦ ቀልዱን ተወው ጋሼ። የታጠበው ፎቶ ሁሉ ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ አልቋል። የቀረችው ይቺ ፊልም ናት። አንተ አባዬን ታስታውሰዋለህ፤ እኔ ምኑንም አላውቀው። አንዲት ቀን ታቅፎኝ እንደነበረ ባውቅ ይበቃኛል፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ታላቅ፦ እኔስ ቢሆን ምን አስታውሳለሁ? ጉልበቱን ነው።

ታናሽ፦ ጉልበቱን?

ታላቅ፦ ጉልበቱን። የሱሪው መሻከር አሁንም ፊቴ ላይ አለ።

ታናሽ፦ ከፍ ብሎ የታቀፈ ልጅ ጉልበት ምን ያሳየዋል?

ታላቅ፦ ዝም በልና ስክሪኑን እይ! እማዬ ከሶፋው በላይ አንድ ትልቅ ፍሬም ሰቅላ ባዶውን እያየችው ነው። ዛሬ ይሞላል። ማን እንደሚሞላውም ይታወቃል።

[ፊልሙን ስካነሩ ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ እያጉረመረመ ሄዶ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ምስል ብቅ ይላል፦ አንድ ሰው፣ ክንዱ ላይ ሕፃን።]

ታላቅ፦ መጣ! ቀይ! ቀይ! አላልኩህም? ሹራቡን እየው!

ታናሽ፦ [ጠጋ ብሎ] እውነትም ቀላ ይላል። ግን ጋሼ...

ታላቅ፦ አቤት፣ የተሸነፈ ሰው።

ታናሽ፦ የአባዬ ጥርስ ለምን ጠቆረ?

ታላቅ፦ ኔጋቲቭ ነዋ! ኔጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ተቃራኒ ነው። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ።

ታናሽ፦ ፀጉሩም ሸብቷል። በዚያ ዕድሜው!

ታላቅ፦ አልሸበተም፣ ተቃራኒ ነው አልኩህ።

ታናሽ፦ ሣሩስ ሐምራዊ የሆነው?

ታላቅ፦ ተቃራኒ።

ታናሽ፦ ሹራቡስ?

ታላቅ፦ ሹራቡ ቀይ ነው።

ታናሽ፦ እሱ ተቃራኒ አይደለም?

ታላቅ፦ ሹራብ ክር ነው! ክር ሌላ ነው! ጎማ ላይ ስትውል ጭንቅላትህንም ሞልተህ ነፍተኸዋል መሰለኝ።

ታናሽ፦ እሺ። ይቺን እንዳለች ፍላሼ ላይ አድርግልኝ።

ታላቅ፦ ሳትገለበጥ? ጥቁር ጥርስ ያለው አባት ምን ያደርግልሃል?

ታናሽ፦ ለሚስቴ ላሳያት። ጥርሱ ጠቆረም ነጣ አባቴ ነው።

[ከቱታው ኪስ በቁራጭ ጎማ የታሰረ ፍላሽ ያወጣል።]

ታላቅ፦ ይሄንን? ይሄ እኮ ቫይረስ አለበት! ቫይረሱ ራሱ እዚህ ውስጥ በመኖሩ ያፍራል። በል ቶሎ ሰክተህ ቶሎ ንቀል። ደግሞ ይሄንን ፎቶ ለማንም እንዳታሳይ፤ «ወንድሙ የሠራው ነው» ብለው ስሜን ያጠፉታል።

[ታናሽ ምስሉን ይቀዳል፤ ፍላሹን ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ ልቡ አጠገብ ባለው ኪስ ይከታል።]

ታላቅ፦ አሁን ሥራ። መጀመሪያ ጽዳት። እዚህ ጥግ ላይ፣ ከአባዬ ጉልበት ሥር ያለው ይታይሃል?

ታናሽ፦ አረንጓዴው?

ታላቅ፦ ሻጋታ ነው። ጣራው ሲያፈስ የገባ እርጥበት።

ታናሽ፦ ረዘም ያለ ሻጋታ ነው።

ታላቅ፦ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ካላደገ መቼ ሊያድግ ነው?

ታናሽ፦ ላዩ ግን ነጭ ነው።

ታላቅ፦ ሻጋታ አይተህ አታውቅም? ጫፉ ይነጣል።

ታናሽ፦ ከአባዬ ሱሪ ጋር ተጣብቋል።

ታላቅ፦ የሻጋታ ሥራ ምንድነው? መጣበቅ!

ታናሽ፦ ጋሼ... ሻጋታው ጫማ አለው።

ታላቅ፦ [ቀስ ብሎ ዞሮ] ምን አለው?

ታናሽ፦ ጫማ። ሁለት።

ታላቅ፦ ሰው ደመና ላይም በግ ያያል። እኔ በዚህ ሙያ ስንት ሻጋታ አጥፍቻለሁ፣ አንዱም ጫማ አድርጎ አልመጣብኝም።

ታናሽ፦ መጀመሪያ ገልብጠኸው ብናየውስ?

ታላቅ፦ ቆሻሻ ብትገለብጥ ምን ታገኛለህ? የተገለበጠ ቆሻሻ! ባለሙያ ያጸዳል፣ ከዚያ ይገለብጣል።

[በሶፍትዌሩ ማጽጃ ብሩሽ ከሣሩ እየቀዳ ጥጉ ላይ ይለጥፋል። ሻጋታው ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ እየጠፋ ይሄዳል።]

ታናሽ፦ ወይኔ፣ ጭንቅላቱም ሄደ።

ታላቅ፦ የማን?

ታናሽ፦ የሻጋታው።

ታላቅ፦ ይኸው፣ እንደ መስታወት ጸዳ። ሴቭ! ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት፣ አለቀ። አሁን ደግሞ ፊልሙ ራሱ። ሻጋታ ይዛመታል፤ ዛሬ ጥጉን ከበላ ነገ አባዬ ፊት ላይ ይወጣል።

[ከመሳቢያው የስቲከር ሙጫ የሚያነሳበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አውጥቶ ጥጥ ይነክርበታል። የፊልሙን ጥግ ያሻል።]

ታናሽ፦ ይሄ የሴቶች የጥፍር አይደለም እንዴ?

ታላቅ፦ የጥፍር ቀለም ምንድነው? ላይ ላዩን የተቀባ ነገር። ሻጋታስ? ላይ ላዩን የበቀለ ነገር። ያው ነው።

ታናሽ፦ ፊልሙ ላይ ያለው ሥዕልስ?

ታላቅ፦ ዝም በል! [ጥጉ ይደፈርሳል፣ ይሸበሸባል] አየኸው? ሻጋታው ሞተ።

ታናሽ፦ ነፍስ ይማር።

ታላቅ፦ አሁን ተመልከት፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው የምነካው። ግልብጥ!

[የምስሉ ቀለም ይገለበጣል።]

ታናሽ፦ ጋሼ... አባዬ ሰማያዊ ነበር?

ታላቅ፦ ብርድ ነበር።

ታናሽ፦ ጥርሱ ግን ነጣ! ሲያምር!

ታላቅ፦ ሰማያዊው ምን መሰለህ፣ ፊልሙ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ብርቱካናማ መደብ አለው። ብርቱካናማ ሲገለበጥ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊው ደግሞ ሁሉም ላይ ይፈስሳል። ሳይንስ ነው።

ታናሽ፦ ሹራቡስ?

ታላቅ፦ [ያየዋል፣ ይደነግጣል] ሹራቡ... ሰማያዊ ፈሶበት ነው እንጂ...

ታናሽ፦ አረንጓዴ ነው።

ታላቅ፦ ቀይ ላይ ሰማያዊ ሲፈስበት አረንጓዴ ይመስላል!

ታናሽ፦ ቢጫ ላይ ሲፈስ መስሎኝ።

ታላቅ፦ የግድግዳ ቀለም ሌላ፣ የኮምፒውተር ቀለም ሌላ! ቀዩን ትንሽ ልግፋው። ትንሽ... ትንሽ...

ታናሽ፦ አባዬ ቀላ።

ታላቅ፦ ፀሐይ መታው።

ታናሽ፦ አሁን ብርድ ነው አላልክም?

ታላቅ፦ ጠዋት በረደ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣ! የአየር ጠባይ ነው፣ እኔ ምን ላድርገው?

ታናሽ፦ ሣሩ በእሳት ተያያዘ።

ታላቅ፦ የደረቀ ሣር ነው።

ታናሽ፦ ሸሚዙ ሮዝ ሆነ።

ታላቅ፦ አባዬ ዘናጭ ሰው ነበር!

ታናሽ፦ ሹራቡ ግን እንቢ ብሏል ጋሼ። አሁንም አረንጓዴ ነው።

[ታላቅ ላብ ላብ ይለዋል። ሹራቡን ብቻ ከቦ ቀለሙን ያዞረዋል።]

ታላቅ፦ አሁንስ?

ታናሽ፦ አሁን ቀይ ነው።

ታላቅ፦ እሰይ!

ታናሽ፦ የአባዬም ክንድ ቀይ ነው፣ የሕፃኑም አገጭ። ሥጋ ቤት በር ላይ የተነሱ ነው የሚመስሉት።

ታላቅ፦ እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ አታየውም።

ታናሽ፦ እንዲህማ ከሆነ እኔም አረንጓዴውን ልግፋውና ይለይልን።

ታላቅ፦ እጅህን!

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሌላ ደንበኛ ቢመጣ እንዴት ነበር የምትሠራለት?

ታላቅ፦ ለደንበኛማ ቀላል ነው። የፊልሙን ዳር አየኸው? ብርሃን ጨርሶ ያልነካው ባዶ ቦታ ነው። «ይሄ ጥቁር ነው» ብዬ ለሶፍትዌሩ አሳየዋለሁ። ዳሩ ጥቁር ሲሆን ሌላው ሁሉ በየቦታው ይገባል።

ታናሽ፦ ዳሩ አይዋሽም?

ታላቅ፦ ምን ሊያገኝ ይዋሻል? እሱ ሹራብ የለው።

ታናሽ፦ ታዲያ ለእኛ ለምን አልነካኸውም?

ታላቅ፦ [የስካነሩን ክዳን ይወለውላል]

ታናሽ፦ ንካው ጋሼ። ቀይ ከወጣ ምንም አልልም። ፍሬሙንም እኔ ራሴ እሰቅለዋለሁ።

ታላቅ፦ እነካዋለሁ! ምን እፈራለሁ? ያበላሸሁትን መለስኩ... ገለበጥኩ... ይኸው፣ ዳሩን ነካሁት!

[ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ቦታው ይገባል። ሸሚዙ ነጭ፣ ሣሩ ለምለም፣ የአባታቸው ፊት ጠይም። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የሚያዩት ፊት ነው። የሕፃኑ ሹራብ ከሣሩ የበለጠ አረንጓዴ ነው።]

ታናሽ፦ [ወደ ሹራቡ እያመለከተ] እኔ ነኝ።

ታላቅ፦ የጎረቤት ልጅ ይሆናል።

ታናሽ፦ ታቅፎኛል። ጋሼ፣ አባዬ ታቅፎኛል! እየው፣ በአንድ ክንዱ! አልከበድኩትም!

ታላቅ፦ የሁሉም ሰው ሕፃን ይሄንን ነው የሚመስለው።

ታናሽ፦ አፍንጫው የእኔ ነው። ደግሞ እየሳቀ ነው፣ ጥርስ የለውም! ግን... ሌላኛውን እጁን አየር ላይ ምን እያደረገው ነው?

ታላቅ፦ ስታይል ነው። ያኔ ሰው ፎቶ ሲነሳ እጁን እንዲህ ዘርጋ ያደርግ ነበር።

ታናሽ፦ የማይታይ ከዘራ የተመረኮዘ ይመስላል።

ታላቅ፦ ዘናጭ ነበር አልኩህ እኮ! ቆይ፣ እማዬ ትፍረደን።

[ስልኩን አንስቶ ይደውላል።]

ታላቅ፦ ሄሎ፣ እማዬ... ደህና ነኝ... በልቻለሁ... እሱም በልቷል... አዎ፣ በቱታው ነው የመጣው፣ ምን ታደርጊዋለሽ? እማዬ፣ ስሚኝማ፣ ፎቶው ወጣ። አባዬ በነጭ ሸሚዝ፣ ሕፃን ታቅፎ... ሹራቡ? [ፊቱን አዙሮ፣ ቶሎ ብሎ] አረንጓዴ።... እሱ ነው? እርግጠኛ ነሽ?... ራስሽ ነሽ ያነሳሻቸው?

[ታናሽ ከወንበሩ ተነስቶ ይጨፍራል።]

ታላቅ፦ እሺ፣ እሱ ይሁን። ታዲያ እኔ የዚያን ቀን የት ነበርኩ?... እዚያው? የት እዚያው?

[ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ታላቅ፦ እግሩን አቅፌ... «አውርደውና እኔን እቀፈኝ» ብዬ... አልለቅም ብዬ... በቀይ ሹራቤ... እጁን ራሴ ላይ አድርጎ?... አዎ እማዬ። ጉልበቱ ትዝ ይለኛል።... እኔ? እንዴት ሆኜ ወጣሁ?... ምን ልበልሽ... ፎቶው በጣም ንጹሕ ነው።

[ስልኩን ይዘጋል።]

ታናሽ፦ ጋሼ።

ታላቅ፦ አትናገር።

ታናሽ፦ ጫማ አለው ብዬህ ነበር።

ታላቅ፦ አትናገር አልኩህ! ቀይ ቀለም ኔጋቲቭ ላይ አረንጓዴ ነው የሚመስለው! ይሄንን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ! መልስ... መልስ... አይመለስም፣ ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ፊልሙ! ፊልሙን እንደገና ስካን እናድርገው!

[ፊልሙን ወደ መብራቱ ያነሳል። ጥጉ እሳት እንደነካው ፌስታል ተኮማትሯል።]

ታናሽ፦ ሞቷል። ራስህ ነህ የገደልከው።

ታላቅ፦ እጁ ራሴ ላይ ነበር። ከአባዬ ጋር ያለኝ ይሄ ብቻ ነበር፤ እኔው በገዛ እጄ፣ በጥጥ፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ...

ታናሽ፦ አይዞህ ጋሼ። ፎቶ የሌለው ልጅም ልጅ ነው። ምናልባት ጎረቤት ጠይቀን እናጣራልሃለን። ሴትዮዋ ጥሩ ትራስ አላቸው።

ታላቅ፦ [ድንገት ብድግ ብሎ] ፍላሹ!

ታናሽ፦ የትኛው ፍላሽ?

ታላቅ፦ ያ ጎማ የታሰረበት! ሳላጸዳው ነው የወሰድከው!

ታናሽ፦ እሱ እኮ ቫይረስ አለበት።

ታላቅ፦ ይኑርበት!

ታናሽ፦ ማሽንህን ያሳምመዋል።

ታላቅ፦ ይታመም! ይሙት!

ታናሽ፦ ደግሞ ለማንም እንዳታሳይ ብለኸኛል። ስምህ ይጠፋል።

ታላቅ፦ አባዬ ይሙት፣ ስጠኝ!

ታናሽ፦ አባዬማ ሞቷል፤ ሌላ መሐላ ፈልግ። እሰጥሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር በል። «ከጎረቤት አይደለም የተገኘኸው» በል።

ታላቅ፦ አይደለም።

ታናሽ፦ ሙሉውን።

ታላቅ፦ ከጎረቤት አይደለም የተገኘኸው። የአባዬ ልጅ ነህ፤ ታቅፎሃል፣ ስትታቀፍ እኔ እዚያው ሆኜ በቅናት ስቃጠል ነበር። በቃ?

ታናሽ፦ ትንሽ ቀረ። ሻጋታው ማን ነበር?

ታላቅ፦ እንዴ!

ታናሽ፦ [ብቅ ያደረገውን ፍላሽ መልሶ ኪሱ ይከታል] ደህና ዋል ጋሼ።

ታላቅ፦ [ጮክ ብሎ] እኔ ነኝ! ሻጋታው እኔ ነኝ!

[ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ በሩ ላይ የደረሰ አንድ ሰው ይሄንን ሰምቶ፣ ወረቀቱን አጥፎ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ታናሽ ፍላሹን ይሰጣል። ታላቅ ይሰካዋል፤ ምንም ሳያጸዳ ይገለብጣል፣ ዳሩን ይነካል። ከአባታቸው ጉልበት ሥር ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ብቅ ይላል። በሁለት ክንዱ እግሩን ጠምጥሞ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ያለቅሳል። የአባታቸው እጅ ራሱ ላይ አርፏል። ታላቅ ፊቱን ከወንድሙ ያዞራል።]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ሻጋታው እያለቀሰ ነው።

ታላቅ፦ ልጅ ነዋ! አባቱ ሌላ ልጅ ሲታቀፍበት ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

ታናሽ፦ እኔ ስለ ፎቶው መቼ አወራሁ?